ሲያልቅበት የት ይወርዳል?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ነዳጅ ነው። «ደግሞ ስለ ማደያ ሰልፍ ልትነዘንዘን ነው?» ብላችሁ ፊታችሁን እንዳታዞሩብኝ። እኔ የማወራው ሰማይ ላይ ስላለው ነዳጅ ነው። እዚያ ሰልፍ የለም፣ ማደያ የለም፤ ሲያልቅም ዳር ይዞ ቆሞ ጀሪካን አንጠልጥሎ መሄድ የለም።

ጥያቄው ግን የእኔ አይደለም፤ የአያቴ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ያስታወሰኝ ደግሞ ባለፈው ወር ከጎብዬ የደወለልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱን ወደ መጨረሻው አመጣላችኋለሁ። መጀመሪያ አያቴን ልንገራችሁ።

ጎብዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ አስፋልቱ ዳር የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ መሀሉ የራያ ሜዳ፣ ሜዳው ደግሞ ማሽላ ነው። ማሽላው ሲያሽት እኛ ልጆቹ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ እንጠብቃለን። ወፍ ጠባቂ ከሰማይ ሌላ የሚያየው ነገር የለውም። አንዳንዴ ታዲያ በጣም ከፍ ብሎ ነጭ መስመር እያሰመረ የሚያልፍ አውሮፕላን እናያለን። እናፏጭለታለን፣ እጃችንን እናውለበልብለታለን። እሱ እቴ! ዞርም አይል።

አንድ ቀን አያቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ከማማው ሥር ተቀምጣ ሳለ አንዱ አለፈ። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አየችውና «ይኼ ነገር የሚበላው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ነዳጅ ነዋ!»

«ሲያልቅበትስ የት ይወርዳል?»

ዝም አልኩ። «እንጃ» አልኳት በመጨረሻ።

«ታዲያ እዚያ ትምህርት ቤት ምን ልትሠራ ነው የምትመላለሰው?» ብላ ሰሃኗን አንሥታ ሄደች።

ሴትዮዋ ያለ ነገር አልጠየቀችኝም። አያቴ ስለ መያዣና ስለ ይዘት የምታውቀው ብዙ ነገር ነበር። በእኛ አገር ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ ሲከፈት እንኳ ሰው ዘሎ አይገባበትም፤ ታፍኖ የከረመው አየር ሰው ይጥላልና እስኪተነፍስ ይጠበቃል። ጎረቤት መጥቶ «ጉድጓድሽ ስንት ይይዛል?» ቢላት ትመልስለታለች። «ስንት አለው?» ካላት ግን ወሬ ትቀይራለች። ለእሷ ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ጥያቄዎች ናቸው። አሥር ኩንታል የሚይዝ ጉድጓድ ሁለት ኩንታል ሊኖረው ይችላል። ባዶም ሊሆን ይችላል።

ያለውን ደግሞ በልቧ ከፋፍላ ነው የምታስቀምጠው። ይኼ የጉሮሮ፣ ይኼ የእንግዳና የተዝካር፣ ይኼ ዝናቡ ቢዘገይ፣ ይኼ የዘር። የዘሩን የነካ ልጅ ወዮለት! ረሃብ እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ሌላው ማለቅ አለበት።

አድጌ አዲስ አበባ ገብቼ ስለ አውሮፕላን ማንበብ ስጀምር (የወፍ ጠባቂነት አባዜ አልለቀቀኝም ነበርና) ምን ባገኝ ጥሩ ነው? አብራሪዎችም ነዳጃቸውን ልክ እንደ አያቴ ከፋፍለው ነው የሚያስቡት።

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የሚሄድ ጄት እናስብ። ሁለት ሰዓት ገደማ የሚወስድ በረራ ነው። ካፒቴኑ ከመነሳቱ በፊት ወረቀት ይቀርብለታል። አንደኛው መስመር ሞተር አስነሥቶ እስከ መንደርደሪያው ሲሄድ የሚያቃጥለው ነው። ሁለተኛው የመንገዱ ነዳጅ፣ ማለትም ተነሥቶ ናይሮቢ እስኪያርፍ ድረስ ያለው ነው። ሦስተኛው ለማይታወቅ ነገር የሚያዝ ነው፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ቢመጣ፣ የተፈለገው ከፍታ ባይፈቀድ ተብሎ አብዛኛውን ጊዜ ከመንገዱ ነዳጅ 5 በመቶ ይታሰባል። አራተኛው ናይሮቢ ጭጋግ ቢሆን ወይም መንደርደሪያው ቢዘጋ ወደ ሌላ ማረፊያ፣ ለምሳሌ ወደ ሞምባሳ፣ የሚያደርሰው ነው። አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ይህ ሁሉ አልቆ በአየር ላይ 30 ደቂቃ ሊያቆየው የሚችለው ነው። ካፒቴኑ ካልጣመው ከዚህ በላይ ጨምሩልኝ ማለት ይችላል። ያ አምስተኛው፣ እንግዲህ ልብ በሉ፣ ዘሩ ነው። አብራሪ አምስተኛውን ሳይነካ ማረፍ አለበት። ሊነካው መሆኑን ካወቀ ደግሞ ዝም ብሎ አይነካውም፤ በሬዲዮ «ሜይዴይ ነዳጅ» ብሎ ይጮኻል። ያን ጊዜ ሰማዩ ላይ ያለ ሌላ ሁሉ መንገድ ይለቅለታል።

«ለምን ታንኩን ጢም አድርጎ ሞልቶ አይገላገልም?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ነገሩ ክብደት ነው። ነዳጅ ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይፈልጋል፤ ብዙ በጫነ ቁጥር ብዙ ያቃጥላል። ናይሮቢ ሲደርስም ከልኩ በላይ ከብዶ ማረፍ አይችልም። በዚያ ላይ የእኛ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን እንደ ልቡ ሊጭን አይችልም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቀጥታ የሚመጣው አውሮፕላናችን፣ ሲሄድ ግን ለዓመታት ደብሊን ወርዶ ነዳጅ ይሞላ የነበረው አንዱ ምክንያት ይኸው ከፍታችን ነው። ደጋ መኖርም ዋጋ አለው ማለት ነው።

ነዳጁ የሚቀመጠውም በአንድ በርሜል አይደለም። የቦይንግ 767ን እንውሰድ። በግራ ክንፍ ውስጥ አንድ ታንክ፣ በቀኝ ክንፍ ውስጥ አንድ ታንክ፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ ታንክ አለው። ረጅም መንገድ የሚሄደው 767-200 ሦስቱም ሲሞሉ ወደ 91,000 ሊትር ይይዛል። መሀለኛው ታንክ ነዳጅ ካለው መጀመሪያ የሚጠጣው እሱ ነው፤ ፓምፖቹ ከክንፎቹ ፓምፖች በላይ እንዲገፉ ተደርገው የተሠሩት ለዚህ ነው። ለምን መሰላችሁ? አየር ላይ ክንፍ ወደ ላይ ይጎብጣል። በክንፉ ውስጥ ያለው ነዳጅ በክብደቱ ወደ ታች ይይዘዋል፤ ቀድሞ ካለቀ ክንፉ ሥሩ ላይ ይጨነቃል። መሀሉ ሲያልቅ የግራው ታንክ የግራውን ሞተር፣ የቀኙ የቀኙን ይመግባል። አንደኛው ወገን ከሌላው ከቀለለ አብራሪው በመሀል ያለውን ማገናኛ ቫልቭ ከፍቶ ሁለቱም ሞተሮች ከከበደው እንዲጠጡ ያደርጋል፤ ሲመጣጠን ይዘጋዋል። በረጅም መንገድ ላይ ደግሞ ብርዱ አለ። የጄት ነዳጅ ከዜሮ በታች 47 ዲግሪ አካባቢ መርጋት ይጀምራልና የነዳጁን ሙቀትም ይከታተላሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያስገረመኝ ሒሳባቸው ነው። በየመንገዱ ምልክት ላይ ወረቀቱ «እዚህ ስትደርስ ይህን ያህል ሊቀርህ ይገባል» ይላል። አብራሪዎቹ ጌጁን ያዩና ከወረቀቱ ጋር ያስተያያሉ። ሞተሮቹ የጠጡትና ታንኩ ውስጥ የቀረው ሲደመር መጀመሪያ የተሞላውን መስጠት አለበት። ካልሰጠ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ወይም አንዱ ጌጅ እየዋሸ ነው።

ጌጅ ይዋሻል እንዴ? ይዋሻል እንጂ! የአባቴን አይሱዙ ምስክር እጠራለሁ። አባቴ በዚያው መንገድ ላይ ማሽላና ጤፍ ያመላልስ ነበር። የአይሱዙው የነዳጅ ጌጅ ከተበላሸ ዘመን የለውም፤ መርፌው ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ነው። አባቴ ታዲያ ጋቢና ውስጥ አንድ ቀጥ ያለች ዱላ ነበረችው። ከመነሳቱ በፊት ታንከሩ ውስጥ ይከትና ናፍጣው የነካውን ቦታ ያያል። «ይቺ ከተማረችው ትበልጣለች» ይል ነበር ስለ ዱላዋ።

አንዳንዴ ግን የተማረው ዱላም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 23 ቀን 1983 አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 የነዳጅ ጌጆቹ ተበላሽተው ነበርና ሠራተኞች እንደ አባቴ በመለኪያ ዘንግ ለኩ። ካናዳ ያን ጊዜ ከፓውንድ ወደ ኪሎ እየተሻገረች ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ሲቀይሩ በአሮጌው የፓውንድ ቁጥር አበዙት፤ የተገኘውን ግን ኪሎ ነው ብለው ጻፉት። የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ነበር፤ የነበረው 22,300 ፓውንድ፣ ማለትም ከግማሽ ያነሰ ሆነ። ሁለቱም ሞተሮች መንገድ ላይ ጠፉ። ካፒቴኑ አውሮፕላኑን እንደ አሞራ አንሳፍፎ ጊምሊ በምትባል ቦታ በቀድሞ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ አወረደው። ከ69ኙ ሰዎች አንድም አልሞተም። እነዚያ ሰዎች ያላቸው የመሰላቸውና ያላቸው ነገር ተለያየባቸው፤ ሆኖም ሲያልቅ የሚወርዱበት ሜዳ ቅርብ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን አውሮፕላን ልምጣ። ለአያቴ ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያገኘሁት እዚህ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961፣ ቦይንግ 767፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በናይሮቢ፣ በብራዛቪልና በሌጎስ አድርጎ አቢጃን ሊሄድ ነበር። መንገደኛና ሠራተኛ ተደምሮ 175 ሰዎች አሳፍሯል። ካፒቴኑ ልዑል አባተ፣ ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ነበሩ። የመጀመሪያው ማረፊያ ናይሮቢ ስለሆነ የተጫነው ነዳጅ ቅድም የዘረዘርኩላችሁ ዓይነት ነበር። እስከ ናይሮቢ የሚያደርስና መጠባበቂያው። አለቀ።

ከተነሡ ብዙም ሳይቆዩ ሦስት ወጣቶች የአብራሪዎቹን ክፍል ጥሰው ገቡ። ረዳት አብራሪውን ደብድበው አስወጡት። መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ያዙ፤ ቦምብም አለን አሉ። የፈለጉት አውስትራሊያ መሄድ ነበር። እዚያ ደርሰው ጥገኝነት ሊጠይቁ።

ካፒቴን ልዑል ነዳጁ አይበቃም፣ መሀል ላይ ወርደን እንሙላ አሏቸው። ልጆቹ አላመኑም። ምክንያቱም የአየር መንገዱን መጽሔት አንብበዋል፤ መጽሔቱ ይህ አውሮፕላን 11 ሰዓት መብረር ይችላል ይላል። መጽሔቱ አልዋሸም፤ ታንኩ ከተሞላ ይችላል። እንግዲህ «ስንት ይይዛል?» እና «ስንት አለው?» የሚሉት የአያቴ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተገናኙ። አንደኛው መጥረቢያ ይዟል። ሌላው ጌጅ ያያል። ክርክሩን መጥረቢያው አሸነፈ፤ ነዳጁን ግን መጥረቢያ ሊጨምረው አልቻለም።

ካፒቴኑ (ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው የሚያውቁ ሰው ናቸው) ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል። ወደ ውቅያኖሱ መሀል ከመግባት ይልቅ የአፍሪካን ጠረፍ ይዘው ወደ ደቡብ በረሩ። ልጆቹ መሬት ባዩ ጊዜ ነቁባቸውና ወደ ምሥራቅ ተመለስ አሏቸው። ዞሩ። ግን ዝም ብሎ ወደ ባዶው ባሕር አልነበረም፤ ሳይናገሩ በአፍሪካና በማዳጋስካር መካከል ወዳሉት የኮሞሮስ ደሴቶች ነበር የያዙት። ነዳጁን ማብዛት አይችሉም። ጠላፊዎቹን ማሳመንም አልቻሉም። የቀራቸው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ሲያልቅ የት እንደሚሆኑ።

ከተነሡ አራት ሰዓት ያህል ሲሆናቸው ግራንድ ኮሞር ደሴት አጠገብ ደረሱ። አንደኛው ሞተር ጠፋ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። ካፒቴኑ ሁኔታውን ለመንገደኞቹ በድምፅ ማጉያ ተናገሩ። ሞተር ሲጠፋ የሚጠፋው ግፊቱ ብቻ አይደለም። መብራቱም፣ መሪውን የሚያግዘው የዘይት ግፊትም ከሞተሩ ነው የሚመጣው። ለእንዲህ ዓይነት ቀን ተብላ ከሆዱ ሥር የምትወጣ፣ ነፋስ የሚያሽከረክራት ትንሽ ተርባይን አለች፤ እሷ የምትሰጠው ጉልበት አውሮፕላኑን ለመምራት ያህል እንጂ ለማረፊያ የሚያዘገየውን የክንፍ መከለያ ለመዘርጋት አይበቃም። ሐሃያ ወዳለው ማረፊያ ለመድረስ ሞከሩ፤ ክፍሉ ውስጥ ግብግብ ነበርና አቅጣጫው ጠፋባቸው። ረዳት አብራሪው ዮናስም ተደብድቦ ከወጣበት ተመልሶ አገዛቸው። በመጨረሻ ከአንድ የባሕር ዳር ሆቴል ፊት ለፊት፣ ከዳርቻው 500 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ባሕሩ ላይ አወረዱት። ፍጥነቱ በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር። ግራው ወገን ቀድሞ ውኃ ነካ፤ አውሮፕላኑ ተሰባበረ።

125 ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ ጠላፊዎችም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። 50 ተረፉ። ከሞቱት ብዙዎቹ ግጭቱን ተርፈው ነበር፤ የአደጋ ጃኬታቸውን ውስጥ እያሉ ስለነፉት ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሥቶ ያዛቸው። የተረፉት ደግሞ ብዙዎቹ የተረፉት ዳርቻው ቅርብ ስለነበረ ነው። የሆቴሉ እንግዶችና የደሴቲቱ ሰዎች በጀልባ ደረሱላቸው፤ ለሽርሽር የመጡ ሐኪሞችም ነበሩ። መሀል ውቅያኖስ ቢሆን ማን ይደርስላቸው ነበር? ካፒቴን ልዑልና ዮናስ ተርፈዋል፤ ካፒቴኑ ወደ በረራ ሥራቸው ተመልሰዋል።

ከሞቱት መካከል የአንዱን ስም ሳነብ ግን ቀጥ ብዬ ቀረሁ። መሐመድ አሚን። ኬንያዊ የካሜራ ባለሙያ። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ አንድ ክንዱን ያጣ ሰው ነው። የእኛ አገር ሰው ግን ሊያውቀው የሚገባው በሌላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የተሰበሰበውን ረሃብተኛ የቀረጸው እሱ ነው። ጥቅምት 13 ቀን ቢቢሲ ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር ሲያሳየው ዓለም ደነገጠ፤ እህልም ብርም አውሮፕላንም ጎረፈ።

ኮረም ለጎብዬ ሩቅ አገር አይደለም። ቆቦን አልፈህ፣ አላማጣን ይዘህ፣ ግራካሱን ስትወጣ ኮረም ነው። አያቴ በዚያ ዓመት ኮረም ነበረች። ካሜራውን አላየችም፤ ሰውዬውንም አላየችም። ስሙን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እሷ ለመሞት ጥቂት ዓመት ሲቀራት፣ የአውሮፕላኑን ታሪክ ባወራኋት ዕለት። ሁሉንም ነገርኳት። መጽሔቱን፣ መጥረቢያውን፣ ደሴቱን። ዝም ብላ ሰማችኝና ስለ 1977 አውርታኝ የማታውቀውን ያን ጊዜ አወራችኝ።

በ1976 ክረምት ማሽላው ቀረ። ነሐሴ ላይ ጉድጓዱን ከፍታ ገባችበት። ከዘሩ ውጭ የቀረ አልነበረም። ጎረቤቶቿ «መስከረምን እንይ፣ መንግሥት ያመጣል ይባላል» አሏት። እሷ ቆጠረች። ዘሩ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ቢበሉት ስንት ቀን፣ መንገድ ላይ እየሄዱ ቢበሉት ስንት ቀን። «እግርም ይበላል» አለችኝ። «የሚበላው እህል ካለቀ በኋላ ለመሄድ የተነሣ ሰው ኮረም አልደረሰም። ግራካሱ ሥር ነው የቀረው።»

ማሽላውን ቆልታ፣ በቅል አድርጋ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ወጣች። ሦስት ቀን ሄዱ። ሁለቱን ይዛ ነው የተመለሰችው፤ አንዱ አባቴ ነው። ሦስተኛዋ ኮረም ቀረች።

«ዘሩን ቁጭ ብለን አልበላነውም ልጄ» አለችኝ። «እየሄድን ነው የበላነው።» ቆይታ ደግሞ፦ «ያ ሰውዬም እንደዚያው ነው ያደረገው።»

የትኛው ሰውዬ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አብራሪውን ማለቷ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልጅ ልመለስ። 22 ዓመቱ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ በእኛ ሜዳ ላይ ሲመላለስ የቤታችን ጉድጓድ ተከፍቶ ተሟጠጠ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሞልቶ አያውቅም። ለእሱ የሚደርሰው መሬት የለም። ጓደኞቹ በአፋር በኩል ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ እያሉ አንድ በአንድ ወጥተዋል። አንዳንዱ ብር ይልካል። አንዳንዱ ደውሎ አያውቅም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ» ብሎ ነው የደወለው። አንድ በሬ ሸጧል። ለዘር የተቀመጠውንም ማሽላ ሊሸጥ ነው። የጎደለውን እኔ እንድሞላለት ይፈልጋል። «ደላላው ይህ ብር እስከ ሳዑዲ ያደርሳል ብሎኛል» አለኝ።

እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ የአጎቴ ልጅ መጥረቢያ ይዞ ማንንም ያስፈራራ ልጅ አይደለም። ከነዚያ ሦስት ወጣቶች ጋር ላመሳስለው አልፈልግም። ግን «ያደርሳል» የምትለዋን ቃል ስሰማ መጽሔቱ ትዝ አለኝ። ደላላው የነገረው ታንኩ ስንት እንደሚይዝ ነው። መንገዱ ሁሉ ቀና ከሆነ፣ ማንም ካልያዘህ፣ ማንም አግቶ ለቤተሰብህ ደውሎ ተጨማሪ ብር ካልጠየቀብህ ያደርሳል። አምስት በመቶው የት አለ? ሞምባሳው የት አለ? ሠላሳ ደቂቃው የት አለ?

«አትሂድ» ማለት ቀሎኝ ነበር። ግን እኔ ማን ነኝ? እኔም ከጎብዬ የወጣሁ ነኝ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ «አገርህ ላይ ሥራ» ማለት አፍ አያደክምም። አያቴም እኮ «ቁጭ በሉ» አላለችም፤ ተነሥታ ሄዳለች። ዘሩንም በልታለች። ልዩነቱ እሷ ከመነሳቷ በፊት ቆጥራ፣ እህሉ ሲያልቅ የት እንደምትሆን አውቃ መሄዷ ነው።

ስለዚህ የአያታችንን ጥያቄ ጠየቅኩት። «ብሩ ኦቦክ ላይ ቢያልቅ የት ትወርዳለህ?» አልኩት። ዝም አለ። «የመን ላይ ቢያልቅስ?»

«እግዜር ያውቃል» አለ።

«እግዜርማ ያውቃል። አንተስ?»

ስልኩ ውስጥ የጎብዬ መኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነው የሚያወራኝ ማለት ነው። ቆይቶ «እስቲ ላስብበት» አለና ዘጋው። ለጉዞው ብሩን አልላክሁም። ለዘር ማሽላው ግን፣ እንዳይሸጠው፣ ገበያው የሚሰጠውን ያህል ልኬለታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። ይህ ልግስና ይሁን ፈሪነት ራሴን ጠይቄ መልሱን አላገኘሁም። ምናልባት እናንተ ታውቁ ይሆናል።

እስካሁን እሄዳለሁም እቀራለሁም አላለኝም። ከትናንት ወዲያ ደውሎ ነበር። ስለ ጉዞው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ዞብል ላይ ደመና እንደያዘ፣ ሌሊቱን እንዳካፋ፣ ጉድጓዱንም ከፍቶ እንዲተነፍስ እንደተወው ነው ያወራኝ።

«ስንት አለው?» አልኩት።

ሳቀና ወሬ ቀየረ።

ቸር ይግጠመን!